ገጽ ሁለት መቶ አርባ

እኔ ኤርሲሊያ ነኝ፣ ከሮማ ምድር ሥር
ባትሪ አንጠልጥዬ በጠባብ ዋሻ የምዞር፣
የሙታን ጎረቤት፣ የሕያዋን መሪ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደረጃ ቆጣሪ።

ድሮ የሚመጣው ሰው ይጠይቅ የነበረው
«ስንት ሰው አለ እዚህ? ማነው የቀበረው?»
ዘንድሮ ግን ሁሉም በብብቱ አቅፏል
አንድ ወፍራም መጽሐፍ፣ ገጹ ተጣጥፏል።
ሽፋኑ ላይ አለ መስቀልና ጩቤ፤
ገና ከሩቅ ሳየው ዝልፍልፍ ይላል ልቤ።

«በሩ የትኛው ነው?» ይሉኛል ጠጋ ብለው በፍርሃት፤
«ደቀ መዝሙሯ ሴት ሌሊት የገባችበት፣
የመጀመሪያውን ወንጌል የደበቀችበት፣
ጳጳሳት ለዘመናት ዝም ያሰኙበት?
ገጽ ሁለት መቶ አርባ ላይ አለ» እያሉኝ፣
ዳዊት እንደሚደግም በቃል እያነበነቡልኝ።

በሩማ፣ በር አይደል፤ ግንብ ነው፣ የጡብ ግንብ።
አባቴ ነው የሠራው፣ ጣሪያው ሲያንጠባጥብ፤
እኔ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ምሳ አምጥቼለት፣
ሲሚንቶ ሲለውስ ቆሜ ያየሁበት።
ከጀርባው ያለውም ወንጌል አይደለም፤
የመብራት ገመድ ነው። ሌላ ምስጢር የለም።

ይህን ብል ማን ይመነኝ? «ለዝምታሽ ቄሶቹ
ስንት ይከፍሉሻል?» ብሎ አንድ ጢማም ጠየቀኝ፤
እኔን! በደሞዜ ጥርስ ማስተከል ያቃተኝ።

ደግሞስ አዲስ ነው ወይ? ያኔም የፈለጉትን ሲያጡ፣
ከዚሁ ጉድጓድ ስም የለሽ አጥንት እያወጡ
ሰማዕት ነው ብለው ለሩቅ አገር ይሸጡ
ነበር፤ ገዢዎቹም ተንበርክከው እንባ ያፈስሱ።
እንባው ግን ውሸት ነበር? እኔ እንጃ።

ባለፈው ኅዳር አንዲት ሴት ከብራዚል መጣች፣
ዡሬማ የምትባል። አልተከራከረች፣
መዳፏን በአባቴ ጡብ ላይ አሳርፋ ቆመች።
ቆየች። ሌሎቹ ሄዱ።
«እዚህ የለችም ማለት ነው?» አለችኝ በቀስታ፤
ስለ መጽሐፏ ሴት እንዳልሆነ ገባኝ ላፍታ።

እጇን ይዤ ወሰድኋት በታችኛው መንገድ
ለጎብኚ ወደማይታይ፣ ክንድ ወደማይሞላ ጉድጓድ።
ድንጋዩ ላይ ጠራቢው ፊደል ገድፎ ጽፏል፤
«ሦስት ዓመት፣ ሁለት ወር፣ ዘጠኝ ቀን ኖረች» ይላል።
ስሟ ተሰብሯል። ኖራው ገና እርጥብ ሳለ
አንድ ሰው የተከለው የአጥንት አሻንጉሊት አለ።

«የማውቀው» አልኋት «ይህን ያህል ነው፤
ዘጠኙን ቀን የቆጠረ ሰው ነበረ። ሌላው ልብ የወለደው ነው።
ልብ የወለደውን አልጠላም፤ ያጫውታል፣ ያስተኛል፤
ይቺን ግን ማኅፀን ነው የወለዳት፤ ዝምድናው ይለያል።»

ያን ብዬ ሳልጨርስ ምላሴ ቀጠለ፤
«እናቷ ናት የተከለችው፤ ያውራ ጣቷ ምልክት ይኸው አለ።»
ማን ነገረኝ? ማንም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ስናገራት ከርሜ ታሪክ መሰለችኝ፣ እኔው የፈጠርኋት እናት።
ምናልባት ሞግዚት ነበረች። ምናልባት አባት፣
ወይ ቀባሪው ቸኩሎ ያነሣው ከመሬት።

ዡሬማ አልሰማችኝም፤ በጣቷ ፊደሉን ትከተላለች።
«የኔዋ አራት ዓመት ከሰባት ወር» አለች።
ቀኑን ዋጠችው።

መጽሐፏን ረስታ ሄደች፣ ወይም ትታልኝ።
ማታ ሾርባዬ ቀዘቀዘ፤ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ እንቅልፍ አልወሰደኝ።
ደራሲው ዋሾ ነው፤ የቲቤርን ወንዝ ሽቅብ አፍስሶታል፣
በለሱን በጥር አብስሎታል፤
ገጽ ሁለት መቶ አርባ ላይ ግን፣ ሴቲቱ በሩን ስትገፋ
አባቴን ተቀየምሁት፤ ለምን ደፈነው? አልሁ፣ እንባዬ እየተደፋ።

ጠዋት ስወርድ፣ ጡቡ ላይ በጠመኔ የተሣለ ቀስት።
በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ ግማሹ አልጠፋም።
ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ሊቅ ቢያገኘው አልገረምም፤
«እዚህ በር ነበረ» ይላል፤ ማን ይመልስለት
ጡብ መሆኑን፣ አባቴ መሆኑን፣ ምሳ እንዳመጣሁለት።